ጸጥታው እስከ ሣልስት

በላይ ሠፈር መርዶ የሚነገረው እንደ ድሮው ጎሕ ሲቀድ ነው። የተለወጠው ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱበት ቤት ነው። ጥሩምባ ነፊው ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናሆም በሶልያና በር ላይ ይቆሙና በጣታቸው ጫፍ ያንኳኳሉ። ሶልያና ማን ሞተ ብላ አትጠይቅም። «መርዶው ለማን ነው?» ነው የምትለው። ሥራዋ ከሟቹ ጋር ሳይሆን መርዶ ከሚነገረው ሰው ልብ ጋር ነውና።

የዚያን ዕለት ጋሽ ናሆም ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው አዟዟሩት።

«ለናርዶስ» አሉ። «ተሰማ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ከሚሠራበት የነፋስ ማማ ወደቀ።»

ሶልያና መቃኑን ያዘች። ከጋሽ ናሆም ኋላ ቄሱና ሁለት ሽማግሌዎች እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ እግራቸውን እየቆረጠመው፣ መሬት መሬት እያዩ ይጠብቃሉ። ጋራው ላይ መብራት የሚያመነጩት ማማዎች እንደ ወትሯቸው ይሽከረከራሉ። አንዱም አልቆመም።

ናርዶስና ሶልያና በአንድ አጥር የሚለያዩ ጎረቤቶች ናቸው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረው ይሄዳሉ፤ አንዷ ስትታመም የሌላዋ ምድጃ ለሁለት ቤት ይበስልበታል። የሰው ስም እንደ ልብስ ፋሽን ዞሮ ስለሚመለስ፣ በእነሱ ዘመን እናቶቹ ናርዶስና ሶልያና ሲባሉ ልጆቹ ተሰማና ላቀች ሆነዋል። ሁለቱም ልጆች የናርዶስ ናቸው። ሶልያና አልወለደችም፤ ተሰማ ግን ጥርሱን ያወጣው እሷ ጭን ላይ ነው።

«ቁልፏን ይዘሽ ነይ» አሏት ጋሽ ናሆም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሳትነቃ።»

ሁሉም ሰው አንገቱ ሥር አድማጭ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለው። ወንዶቹ ኮሌታቸው ላይ ይሰኩታል፤ የላይ ሠፈር ሴቶች ከማተባቸው ጋር ያስሩትና ከመስቀሉ ጎን ተንጠልጥሎ ልባቸውን ሲሰማ ይውላል። ሰው እስኪለምደው ነው። ዳገት ሲወጡ «ቀስ ይበሉ» ይላል። ማታ ማታ «ዛሬ ጨው በዝቷል» ይላል። ቁጭ ብለው የዋሉ እንደሆነ «እስከ ወንዙ ደርሰው ቢመለሱ» ብሎ ያሳስባል፤ አነጋገሩም እንደ ጨዋ የቤት ልጅ ነው፤ አይቆጣም፣ አይሰለችም። ልጆች አያቶቻቸውን ሲያበሽቁ የእሱን ድምፅ አስመስለው «እማማ፣ ቅቤ ይቀንሱ» ይላሉ።

በለቅሶ ላይ ግን ችግር ሆነ። ከዓመታት በፊት የጋሽ ናሆም እናት ባረፉ ጊዜ ሙሾው ሲጋጋል፣ ሴቱ ቆሞ ደረቱን ሲመታ፣ የድንኳኑ አድማጭ ሁሉ በአንድ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ይቀመጡ። ልብዎ ደክሟል። ይቀመጡ።» አልቃሿ ወይዘሮ ሜላት ግጥሟን መሃል ላይ ቆረጠች። በዚያ ዝምታ ውስጥ የእሷው አድማጭ ለብቻው «ጉሮሮዎ ደርቋል፤ ውሃ ይጠጡ» አላት። ከጥግ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሌላዋ። ድንኳኑ በሙሉ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ሳቀ። ሬሳ ባለበት ቤት ተሳቀ። ጋሽ ናሆም ያን ቀን አልረሱትም፤ ሠፈሩም አልረሳላቸውም።

እድሩ ተሰብስቦ ወሰነ። ሐዘን የገባበት ቤት አድማጩ መርዶ ከመነገሩ በፊት ዝም ይሰኛል፤ አንደበቱም የሚከፈተው በሣልስቱ፣ ጸሎቱ አልቆ ደወል ሲደወል ነው። ለቀስተኛውም የራሱን አድማጭ ቤቱ ትቶ እንዲመጣ ተባለ። የጤና ቢሮው ቢከራከርም በመጨረሻ ፈቀደ፤ አድማጩን ዝም የምታሰኘው ቁልፍ ግን በአንድ የታመነ ሰው እጅ ትሁን አለ። ሶልያና ተመረጠች። ከመናገር መስማት የሚቀናት፣ የጎረቤት ገመና የማታወጣ፣ ጸሎቷን የማታስታጉል ሴት ናት። የአውራ ጣት የምታህለውን ቁልፍ ከዳዊቷ ጎን በጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጣለች። ስንት ቤት ዝም እንዳሰኘች አልቆጠረችም። አንድም ቀን ክፉ አልገጠማትም።

ናርዶስ በዚያ ስብሰባ ላይ ብቻዋን እጇን ሳታወጣ ቀርታ ነበር። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ቤት ለቤት እየዞረች ሴቶችን ስለ ልብ የምታስተምር የጤና ባለሙያ ናት። አድማጩ ራሱ የሴት ሕመም ምን እንደሚመስል የተማረው ናርዶስና እንደሷ ያሉ ሴቶች እየዞሩ ከሞት ከተረፉት አፍ ከሰበሰቡት ነገር ነው። ደጃፍ ላይ ቆማ የምትለው አይለወጥም። «ወንድ ደረቱን ይዞ ይወድቃል፣ ሰው ይሰበሰባል። ሴት ግን ወጥ እያማሰለች ትሞታለች። መንጋጋሽን ሲይዝሽ፣ ጀርባሽን ሲወጋሽ፣ ሲያጥወለውልሽ፣ ያለ ሥራ ሲደክምሽ ጨጓራ ነው አትበይ፤ ብርድ ነው አትበይ። ስታረግዢ ግፊት የነበረብሽ ደግሞ፣ አንቺ ብትረሺው ልብሽ አይረሳውም።» ሴቶቹ በፊቷ ራሳቸውን ይነቀንቁና ስትሄድ ይስቁባታል። ናርዶስ ዶሮ ታማም ብትጠራ «መንጋጋዋን አሟታል ወይ?» ትላለች ይባል ነበር። እሷም ሰምታ ከሁሉ በላይ ትስቅ ነበር።

ሶልያና አጥሩ ሥር ቆማ ቁልፏን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች። የናርዶስ መስኮት ጨለማ ነው። የጓደኛዋን ስም ከነአባቷ ጠርታ «ጸጥታ፣ እስከ ሣልስት» አለች።

ቁልፏ ወዲያው እሺ አላለችም።

«ለወይዘሮ ናርዶስ ጸጥታ አይመከርም» አለ ያ ጨዋ ድምፅ፣ በሹክሹክታ። «በመጀመሪያ እርግዝናቸው ከባድ የደም ግፊት ነበረባቸው። የወር አበባቸው ያለ ጊዜው ተቋርጧል። እናታቸው በልብ ሕመም ዐርፈዋል። ይቀጥል?»

የመጀመሪያው እርግዝና ተሰማ ነበር። ሶልያና ያን ወር ታስታውሰዋለች፤ ናርዶስ ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ ብዥ ብሎባት፣ ለሁለቱም ነፍስ ስለት የተሳለችው ሶልያና ናት። ልጁም እናቱም ተረፉ። ለሥላሴ ጥላ አስገባች።

ከኋላዋ ቄሱ ከብርዱ የተነሣ ሳሉ። ጋሽ ናሆም ሰማዩን አዩ፤ እየነጋ ነው። ሶልያና አሁን የሚሆነውን አሰበችው። የልጇን ሞት የምትሰማ እናት አንገቷ ሥር «ይረጋጉ፣ ይቀመጡ» የሚል ነገር ይንጫጫባት? የመጀመሪያዋን ጩኸት፣ የራሷን ጩኸት እንኳ ይቀማት? ለማንም ያላደረገችውን በናርዶስ ላይ ልታደርግባት አልቻለችም። በልቧ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች።

«ይቀጥል» አለች።

በሩ ሲከፈት ናርዶስ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። ቄሱን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ሶልያናን አየች። ስንቱን መርዶ አብራ ያስነገረች ሴት ናትና ማንም አፉን እንዲከፍት አልጠበቀችም።

«ከሁለቱ የትኛው?» አለች።

ቀብሩ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሆነ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ንፍሮው ተቀቀለ፤ እዝን በየተራ መጣ። ናርዶስ የተሰማን የሥራ ጓንት በቀኝ እጇ አድርጋ በግራዋ ደረቷን ትመታለች። ወይዘሮ ሜላት ስለ ማማው፣ ስለ ነፋሱ፣ ከንስር በላይ ወጥቶ ስለቀረው ልጅ አወረደችው። ሙሾዋን የሚያቋርጥ ድምፅ አልነበረም። የመጣው ሁሉ ለቅሶው ማማሩን መሰከረ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ላቀች እናቷ በብርድ ሰዓት ላብ እንደሚያጠምቃት ለሴቶቹ ነገረች። ድንኳኑ ስለተጨናነቀ ነው ተባለች። ናርዶስ የቀረበላትን አስመለሳት፤ ባዶ ሆዷን ስለሰነበተች ነው ተባለ። መንጋጋዬን ያዘኝ አለች፤ ያን ያህል ጮኻ ምን ልትሆን ኖሯል ተባለ። ክንዴ ከበደኝ አለች፤ ደረቷን የመታችበት ክንድ ነው። ትንፋሽ አጠራት፤ ለቅሶ ነው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረው። ሁሉም ምክንያት ደግሞ እውነት ይመስላል።

ሶልያና አጠገቧ ተቀምጣ እያንዳንዷን ቃል ሰማች። እነዚያን ቃላት ታውቃቸዋለች። በሰው ደጃፍ ላይ፣ ከናርዶስ ከራሷ አፍ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ስትሰማቸው ኖራለች። እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ በቃሏ ትላቸዋለች። ነገር ግን ያኔ የሚነገሩት ስለ ሌላ ሴት ነበር፤ ሳቅም ነበረባቸው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ለቀስተኛው ሳሳ። ናርዶስ ጀርባዋን የድንኳኑ ምሰሶ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሶልዬ» አለች። «ጀርባዬ መሃሉ ላይ እንደ ወስፌ ይወጋኛል። እንዲህ ብላ የመጣች ሴት ብትኖር ምን እላት ነበር?»

«ምን ትያት ነበር?»

«መንጋጋሽንስ? እላት ነበር።» በከንፈሯ ጫፍ ፈገግ ልትል ሞከረች። «ከዚያ ነጠላሽን ልበሺ፣ እንሂድ እላታለሁ።»

ሶልያና እጇን ያዘቻት። ቀዝቅዟል፤ ላብም አለው። «ታዲያ ነጠላሽን ለብሰሻል፤ እንሂዳ» አለች።

«የት? የልጄን ሣልስት ሳላወጣ?» ናርዶስ ዓይኗን ገለጠች። «አፈሩ ሳይደርቅበት ለራሷ ነፍስ ሐኪም ቤት ሮጠች ልባል?»

«ማን ይልሻል?»

«እኔው ለራሴ እላለሁ።»

በጨርቅ የተጠቀለለችው ቁልፍ በሶልያና ደረት ውስጥ ናት። አወጣቻት። ናርዶስ አየቻትና ምን እንደሆነች ገባት፤ አልተቆጣችም። መዳፏን በቁልፏ ላይ ጫነችባት።

«ተዪው፣ ዝም ይበል» አለች። «እድሜዬን ሙሉ ሳስለፈልፈው ኖሬያለሁ። ለልጄ አንድ ሦስት ቀን ዝም ይበልልኝ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረን እንሄዳለን። በማርያም።»

በማርያም ካለች ናርዶስ አታጥፍም። ሶልያና ቁልፏን መልሳ ከተተች። ልመናዋን ሰማች፤ መስማት ልማዷ ነው። ጓደኛዋ የፈቀደችውን ማድረግ በዚያ ሰዓት ፍቅር ብቻ መሰላት።

በሣልስቱ ጠዋት ሶልያና ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ንጹሕ ነጠላ ይዛ ስትመጣ፣ ላቀች ከድንኳኑ በር ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቀበለቻት።

«ቀስ ይበሉ እትዬ» አለቻት። «አሁን ገና ነው ዓይኗ የከደነላት። ሰዉን ሁሉ ዝም አሰኝቻለሁ።»

ናርዶስ ምሰሶው ላይ እንደተደገፈች ናት። ጓንቱ ጭኗ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች እንቅልፏን ላለመረበሽ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ሲንቀሳቀሱም በእግር ጣታቸው ነው። ሶልያና ተንበርክካ አንገቷ ሥር እጇን ሰደደች። ማተቡ አለ። መስቀሉ አለ። አድማጩ አለ፤ ሞቅ ያለ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ላቀች ከፊቷ ላይ አነበበችው። ለሷ መርዶ የነገረ አልነበረም።

ድንኳኑ ሳይፈርስ ለሁለተኛው ለቅሶ ዋለ። ሬሳውን ያጠቡት ሴቶች ማተቡን ከነመስቀሉ ተዉላት፤ አድማጩን ግን ፈትተው ለሶልያና ሰጧት። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። የተሰማ ሣልስት ጸሎት ቀድሞ በቤተ ክርስቲያን እንዲደርስ፣ የእናቱ ፍትሐት ከዚያ እንዲቀጥል ቄሶቹ ተስማሙ። ሰዉ ለቀብር ከመነሣቱ በፊት በናርዶስ ግቢ ተሰበሰበ፤ ሙሾው ሊጀመር ሆነ። ጥሩምባው በድንገት ስለተነፋና የሰማው ሁሉ እንዳለ ስለመጣ፣ አድማጩን ቤቱ ለመተው የታወሰው ሰው አልነበረም።

ጋሽ ናሆም ወደ ሶልያና ቀረቡ። ዓይናቸው ደም ለብሷል፤ በሁለት ቀን አርጅተዋል። ላቀችን በአገጫቸው እያሳዩ፣ የተሰማ ጸጥታ በደወሉ ስለሚያበቃ ልጅቷ በእናቷ ቀን እንዳትዋረድ፣ ለሷና ለቀሩት ሴቶች ጸጥታውን እንድታስገባ ለመኗት። ደንብ ነው ብለው አላዘዙም፤ ለመኗት። ሶልያና እጇን ደረቷ ውስጥ ሰደደች። ቁልፏን ነካቻት።

ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። የሣልስቱ ጸሎት አልቆ ነበር።

የነጠላዋ ጫፍ ተናገረ።

«ወይዘሮ ናርዶስ፣ ይቀመጡ።»

ሰዉ ዞረ። ሶልያና ቋጠሮውን አልፈታችውም፤ በመዳፏ ላይ አድርጋ ቆመች። እድሩ የዘጋበት አንደበት ተከፍቶ፣ ሦስቱን ቀን ሙሉ ሊላት ፈልጎ ያልተፈቀደለትን በየተራው ያወርደው ጀመር። አልቸኮለም። አልተቆጣም።

«ወይዘሮ ናርዶስ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይቀመጡና በቀስታ ይተንፍሱ።»

«ወይዘሮ ናርዶስ፣ ልብዎ እንደ ትናንቱ አይደለም። መንጋጋዎን ይዞዎታል? ጀርባዎን ይወጋዎታል? ለሰው ይንገሩ።»

«ጨጓራ ነው አይበሉ። ብርድ ነው አይበሉ።»

ይህ የራሷ ቃል ነው። የራሷ አረፍተ ነገር፣ በየደጃፉ የተሳቀበት፣ ቃና እንኳ ሳይለወጥ። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጫነች።

«ወይዘሮ ናርዶስ፣ አሁን ሐኪም ቤት መሄድ አለብዎት። ላቀችን ይጥሩ። አጠገብዎ ማንም ሰው ካለ ይህን ያሰሙት።»

«አጠገብዎ ሰው አለ?»

ጋሽ ናሆም እጃቸውን ወደ ቋጠሮው ዘርግተው፣ «በእግዚአብሔር፣ ዝም አሰኚው» አሏት። ሶልያና ራሷን በእንቢታ ነቀነቀች። ዝም አላሰኘችውም። ሌላ ምንም ልታደርግለት የማትችለውን ነገር፣ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ወይዘሮ ናርዶስ፣ ልብዎን እየሰማሁት ነው። አይዞዎት።»

ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ሰዉ አለቀ ብሎ አሰበ።

«ወይዘሮ ናርዶስ፣ ልብዎን አልሰማሁትም።»

«ወይዘሮ ናርዶስ፣ አልሰማሁትም።»

ከዚያ በኋላ ምንም አላለም።

ሶልያና ቁልፏን ከነጨርቋ አወጣችና በጋሽ ናሆም መዳፍ ላይ አኖረችላቸው። ሽማግሌው ምን እንደሚያደርጉባት ሳያውቁ ቆዩ። ኋላ ባርኔጣቸው ውስጥ ጣሏትና ባርኔጣውን ገልብጠው መሬት ላይ አኖሩት።

ወይዘሮ ሜላት ሙሾዋን ጀመረች። ስለ እናቲቱ፣ በየቤቱ ስለዞረ እግሯ፣ ልጇን ልትጠይቅ ስለተከተለችው። ሴቶቹ ቆመው ተቀበሏት። ላቀች መሃል ገባች። የወንድሟን ጓንት አድርጋ እናቷ ትመታበት በነበረው ቦታ ላይ፣ ደረቷ ላይ፣ መምታት ጀመረች። እንባ አልነበራትም፤ ምቱ ብቻ ይሰማል።

«ወይዘሪት ላቀች» አለ ከማተቧ ሥር ያ ድምፅ፣ በግቢው ሁሉ ፊት። «ይቀመጡ።»

ወይዘሮ ሜላት ግጥሟን መሃል ላይ ቆረጠች። ዝምታው ያው የድሮው ዝምታ ነው፤ እዚያ የነበረ ሁሉ አስታወሰው። ማንም አልሳቀም። ላቀች ጓንት ያጠለቀ እጇ አየር ላይ ቀርቶ፣ ፊቷ በኀፍረት ቀልቶ፣ እንደቆመች ናት። በእናቷ ለቅሶ ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ ልጅ ልትሆን አልቻለችም።

ሶልያና ነጠላዋን ሰብስባ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ወይዘሮ ሜላት አየቻት። እሷም ተቀመጠች። ቀጥሎ ከጎኗ ያሉት፣ ከኋላ ያሉት፤ ነጠላው ሁሉ እንደ ታጨደ እህል ወደ መሬት ወረደ። ወንዶቹ ተቀመጡ። ጋሽ ናሆም የምሰሶውን ገመድ ይዘው፣ ባርኔጣቸው አጠገብ ተቀመጡ። ቄሱም መቋሚያቸውን አስተኝተው ተቀመጡ።

ላቀች ብቻዋን ቆማ ቀረች። ዙሪያውን አየች።

ከዚያ እሷም ተቀመጠች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አለቀሰች።